የእህቴ ባል ምስክርነት

የእህቴ ባል ጣሰው ሃይማኖት የያዘበትንም የጣለበትንም ዘመን አይቻለሁ። በየትኛው ይሻል ነበር ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። እኔ ልዩነቱ አልታየኝም። ይህን ስል ሰው ይቆጣኛል፤ "መጠጥ ትቶ አልነበረም እንዴ?" ይሉኛል። ትቶ ነበር። እንግዲህ ከመጀመሪያው ላውራውና ፍርዱን ለሰሚው እተዋለሁ።

ጣሰው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ቃሊቲ ካሉት መጋዘኖች እየጫነ ወደ አዋሳና ወደ ዲላ ይመላለሳል። እህቴን የሺሐረግን ሲያገባ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። አባታችን የባቡር ሠራተኛ ስለነበረ ያደግነው አቃቂ በሰቃ ነው፤ እሷም ጎጆ የወጣችው፣ ልጆቿንም የወለደችው እዚያው ሰፈር ውስጥ ነው። ጣሰው ቁመናው ያምራል፣ ጨዋታ ያውቃል፣ ሰው ፊት እጁ አይታጠፍም። ቤቱ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ግን ሌላ ሰው ነው። "ጋሼ" እለው ነበር፤ ያኔ።

አደጋው የደረሰው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በፊት በነበረው በጋ ነው። ጣሰው ምሳውን በአረቄ አወራርዶ ወደ መጋዘኑ ተመለሰና መኪናውን ወደኋላ እየነዳ ወደ መጫኛው ማስጠጋት ጀመረ። ከኋላ ቆሞ ቦታ የሚያሳየው ሁንዴ የሚባል ጫኝና አውራጅ ነበር፤ የገላን ገበሬ ልጅ፣ ኩንታል እንደ ትራስ የሚያነሳ ጎረምሳ። ጣሰው ከግንቡ ጋር አጣበቀው። ሐኪም ቤት ወስደው የሁንዴን ቀኝ እግር ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

ጣሰው ለፖሊስ የሰጠው ቃል አጭር ነበር። "ምንም ድምፅ አላሰማኝም፤ ዘሎ ገባብኝ" አለ። ረዳቱም ይህንኑ ደገመለት። ሁንዴ "ቁም፣ ቁም እያልኩ ጮኼያለሁ" ቢልም ሌሎቹ ጫኞች ምሳ ላይ ስለነበሩ የሚመሰክርለት ጠፋ። ጥፋቱ የራሱ ነው ተባለና ነገሩ ተዘጋ። ሰፈሩም ያንኑ ይዞ ቀረ። ጣሰው ግሮሰሪ ተቀምጦ "የሰው ግዴለሽነት ስንቱን ሹፌር ጉድ አደረገው" እያለ ሲያዝን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሚያዝነው ለራሱ ነበር።

እህቴ በዚያ ዓመት ከገብርኤል ደጅ አልጠፋችም። ጧፍ ታበራለች፣ ትሳላለች፣ ስለ ሁንዴ እግር መሬት ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። ስትመለስ ፊቷ ቀለል ብሎ ይታያል። ሁንዴ ቤት ግን አንድ ቀንም አልሄደችም።

ዓመት አልፎ ጣሰው ዳነ። "ዳንኩ" ነው ያለው፤ እኔም ታሞ እንደነበር የሰማሁት ያን ቀን ነው። አብሮት የሚነዳ ጓደኛው ቃሊቲ ውስጥ ወዳለ አንድ የጸሎት አዳራሽ ወስዶት፣ አልቅሶ፣ ጌታን ተቀብሎ መጣ። አረቄውን ተወ። እህቴን መምታትም ተወ፤ ይህን አልክድም። መተዉን ግን እንደ ትልቅ ስጦታ ነበር የሚቆጥረው። "አየሽ፣ ዛሬ ተናድጄ አልመታሁሽም። ይህ የማን ሥራ ነው?" ይላታል፤ መልሱን እስክትሰጠው ድረስም ቆሞ ይጠብቃል። የምትጸልይበትን ሥዕል ከግድግዳ አውርዶ አልጋ ሥር ከተተው። በጾም ቀን "በሥራ አይዳንም" እያለ ፊቷ ተቀምጦ ጥብስ ይበላል። ጥብሱን የምትሠራለት እሷው ናት።

ትልቁ ነገር ማይክ ማግኘቱ ነበር። በአዳራሹ ሰዎች ተራ እየያዙ አምላክ ያደረገላቸውን የሚናገሩበት የምስክርነት ሰዓት አለ። ጣሰው መጀመሪያ ሲቆም ጠጪ እንደነበረ ተናግሮ ተቀመጠ። ሰው አለቀሰለት። በቀጣዩ ጊዜ ጠጪና ተደባዳቢ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሻሸመኔን ያሸበረ፣ ጩቤ የሚታጠቅ፣ ፖሊስ የሚፈራው ወንበዴ ሆነ። ጣሰው በዕድሜው ከእህቴ በቀር ሰው መትቶ አያውቅም። እህቴ ለምናኝ አንድ እሁድ አብሬያት ሄጄ ስሰማው፣ እሷ አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች።

ጣሰው ሁንዴንም አልረሳውም። "ያን ቀን መሪውን የያዘው ሰይጣን ነበር" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የአንድ ወንድሜ እግር በእጄ ጠፋ። ጌታ ግን አጠበኝ፤ ዛሬ ነፃ ነኝ።" አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ዘሎ ገባብኝ ያለው ቀርቶ አሁን ሰይጣን ነድቶ ነበር። መሪው ላይ ያልነበረ ሰው ቢኖር ጣሰው ብቻ ነው።

የአዳራሹ መጋቢ ሳህሌ የሚባሉ ዝምተኛ ሽማግሌ ነበሩ። ያን ዕለት ስንወጣ በር ላይ አስቆሙት።

"ይህ የምትለው ሰው በሕይወት አለ?" አሉት።

"አለ፣ ጌታ ይመስገን።"

"ሄደህ አይተኸዋል?"

"በመንፈስ ይቅር ተባብለናል።"

"እሱስ ያውቃል?" አሉ መጋቢው።

ጣሰው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። መጋቢው አልሳቁም። ከዚያ በኋላ ደጋግመው ቢነግሩትም "ጌታ ጊዜውን ሲያሳየኝ" እያለ ጎተተው። ሁንዴ ቃሊቲ አደባባይ አጠገብ ሶፍትና ማስቲካ በሳጥን ዘርግቶ ይሸጥ ነበር፤ ጣሰው ጭኖ በወጣ በገባ ቁጥር በመኪናው በፊቱ ያልፋል። ጌታ ጊዜውን ለማሳየት ከዚህ የቀረበ ቦታ ከየት ያምጣ።

በመጨረሻ መጋቢው ራሳቸው ሄደው ሁንዴን ለመኑት። ምን አስበው እንደሆነ እንጃ፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ከተያዩ ነገሩ ይበርዳል ብለው ይሆናል። እኔና እህቴ በነበርንበት አንድ እሁድ ሁንዴ በክራንቹ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። ጣሰው ሲያየው ደስታው ፊቱ ላይ ፈሰሰ። ከመድረክ ወርዶ እየሮጠ ሄደ፣ አቀፈው፣ ጮክ ብሎ አለቀሰ፣ በክንዱ ደግፎ ወደ ፊት አመጣውና "ወንድሜ ይኸውላችሁ!" አለ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሁንዴ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀ።

"ጣሰው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለ። "ያን ቀን ቁም ስልህ ሰምተኸኝ ነበር?"

ጣሰው ማይኩን ከአፉ ትንሽ አራቀው። "ሁንዴ ወንድሜ፣ ያኔ እኔ አልነበርኩም። ሰይጣን ነበር።"

"እሺ፣ ሰይጣኑን ጥሩልኝ" አለ ሁንዴ። "ጉዳይ ያለኝ ከሱ ጋር ነው።"

ክራንቹን አስተካክሎ በመካከለኛው መተላለፊያ ወጣ። ጣሰው ማይኩን መለሰና "ለወንድማችን እንጸልይ፤ ልቡ ገና አልተሰበረም" አለ። እኔ ጋሼ ማለቴን ያቆምኩት ያን ቀን ነው።

በቀጣዩ ዓመት አዳራሹ አዲስ ሽማግሌዎች ሲመርጥ ጣሰው ራሱን ከተመረጡት ቆጥሮ ሙሉ ልብስ አሰፋ። አልመረጡትም። መጋቢው ለብቻው ጠርተው ምክንያቱን ነገሩት፦ መጀመሪያ ከሰውየው ጋር ጨርስ። ጣሰው ቤት ገብቶ "ቅናት ነው፤ ጸጋዬን አይተው ነው" አለ። በማግስቱ እሁድ ተኝቶ ዋለ። ወሩ ሳይሞላም እግዚአብሔር የለም የሚል ሆነ። እስከ ምርጫው ዋዜማ ድረስ መኪናውን ሲጠብቅለት፣ ጎማውን ሲመርቅለት የነበረ አምላክ በድምፅ ብልጫ ጠፋ።

ወደ ግሮሰሪው ሲመለስ የቀድሞው ጠጪ ሆኖ አይደለም፤ አዋቂ ጠጪ ሆኖ ነው። በአዳራሹ የተማረውን አነጋገር ሳይለቅ፣ እጁን እንደ ሰባኪ እያወናጨፈ፣ "ስሙኝ፣ ኃጢአት የሚባል ነገር የለም። ዓለም አጋጣሚ ነው። ጎማ ይዞራል፣ እግር ሥሩ ይገኛል፤ ጥፋተኛ የለም" ይላል። ይህም ሦስተኛው የሁንዴ ታሪክ መሆኑ ነው። እህቴንም እንደገና መምታት ጀመረ። ድሮ መትቷት ሲያበቃ አንዳንዴ ያቀረቅር ነበር፤ አሁን ማቀርቀሩ ቀርቷል።

አንድ ቅዳሜ ቤቷ ሄጄ ምስር ስንለቅም፣ የወረደው ሥዕል አሁንም አለመሰቀሉን አይቼ ጠየቅኳት።

"እትዬ፣ አሁን ማን ይከለክልሻል? መልሰሽ አትሰቅይውም?"

"መጸለይ ከተውኩ ቆየሁ፣ አስካለች" አለችኝ። እጇ ምስሩ ላይ አልቆመም። "ተጣልቼም አይደለም። እንዲሁ አንድ ቀን ቆሜ፣ የሚሰማኝ እንደሌለ ታወቀኝ።"

ደነገጥኩ። እኔ እንደ እናቴ አማኝ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከእህቴ አፍ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። ጣሰው ካላት ሁሉ ይህንንም ነጠቃት ብዬ ልናገር ስል እሷ ቀደመችኝ።

"ሁንዴ ቤት ልሄድ ነው። አብረሽኝ ትመጫለሽ?"

ለምን ዛሬ አልኳት።

"ድሮ ለገብርኤል እነግረው ነበር። ነግሬው ስወጣ ሸክሙ ከላዬ ይወርዳል፤ እሱ ያውቃል እላለሁ፤ ቤቴ ገብቼ እንቅልፌን እተኛለሁ። አሁን የምነግረው የለኝም። ከሁንዴ በቀር ማን ቀረ?"

ሁንዴ የሚኖረው ከፋብሪካዎቹ ጀርባ፣ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነው። ሲያየን አልተነሣም፤ ተቀመጡም አላለም። እህቴ ቆማ ተናገረች።

"ሁንዴ፣ ጣሰው የዚያን ቀን ቤት ሲገባ የነገረኝ ነገር አለ። 'ቁም ሲል ሰምቼዋለሁ። ቦታ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ደግሞ ጫኝ ሲያዘኝ አልወድም' ነው ያለኝ። ቃሉ ይኸው ነው።"



"ጮኼ ነበር ማለት ነው" አለ ሁንዴ።

"ጮኸሃል።"

"ሰው ሁሉ ዝም ብለህ ገባህ ሲለኝ፣ በኋላ በኋላ እኔም እየተጠራጠርኩ ነበር። ምናልባት በልቤ ብቻ ይሆናል የጮኽኩት እል ነበር።" ከዚያ ቀና ብሎ አያት። "እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?"

"ለገብርኤል ስነግረው ነበር።"

"እሱ ለእኔ አልነገረኝም" አለ ሁንዴ።

እህቴ ይህን ስትሰማ ዕንባዋ መጣ፤ ግን ይቅር በለኝ ብላ እግሩ ላይ አልወደቀችም። ይህን ከጣሰው አይታ ጠልታዋለች መሰለኝ። ምን ላድርግልህ አለችው።

"አባቴ ፊት ትናገሪዋለሽ?"

የሁንዴ አባት ከአደጋው በኋላ ልጃቸውን እንደ ሰው ቆጥረውት አያውቁም ነበር። በሬ እንኳ መኪና ሲመጣ ይሸሻል ብለው ዘመድ ፊት ተናግረውበታል። በሳምንቱ ሦስታችንም ገላን ሄድን። አዛውንቱ ደጃፋቸው ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠው ነበር። እህቴ በአማርኛ እየነገረች ሁንዴ ወደ ኦሮምኛ ሊመልስላቸው ሲጀምር እጃቸውን አነሡ። "እሰማለሁ" አሉ በአማርኛ። "አንተ ዝም በል፣ እሷ ትናገር።" ጨረሰች። "ድገሚው" አሏት። ደገመችው። ጫኝ ሲያዘኝ አልወድም የሚለው ላይ ስትደርስ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ጎረቤቶቻቸውን አስጠሩና ለሦስተኛ ጊዜ አስነገሯት። ስንነሣ ክራንቹን ከግድግዳው አንሥተው ለልጃቸው ያቀበሉት እሳቸው ናቸው።

ወሬው በሰቃ ለመድረስ አልዘገየም። ጣሰው ከመንገድ ሲመለስ እኔ እህቴ ቤት ነበርኩ።

"ምን ሆነሽ ነው ያዋረድሽኝ?" አላት። "እኔ ራሴ በሕዝብ ፊት ተናግሬው የለ?"

"የተናገርከው ስለ ሰይጣን ነው" አለችው። "እኔ ስለ አንተ ነው የተናገርኩት።"

እጁን አነሣ። እኔ ዘነዘናውን ይዤ ቆሜ ነበር፤ አየኝና አወረደው። ሻሸመኔን ያሸበረው ወንበዴ ይኸው ነው። በዚያው ሰሞን በእህቴ ስም የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶ ስለነበር፣ ቤቱ በርና መስኮት እንኳ በወጉ ሳይገጠምለት ጣሰውን ትታ ልጆቿን ይዛ ገባችበት። ሁንዴ አንዳንድ እሁድ ይመጣል፤ ቡና የለም፣ ጨዋታም ብዙ የለም፤ ተቀምጦ ቴሌቪዥን አይቶ ይሄዳል። እሷ አሁንም አትጸልይም። እኔ ስለ እሷ እጸልያለሁ፤ ምን እንደምለምንላት ግን ግራ ይገባኛል።

ጣሰውን ባለፈው ቃሊቲ መናኸሪያ አገኘሁት። ከስቷል። የከተማው ቀላል ባቡር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሹፌር የሚጋብዘው ጠፋ ብሎ አማረረ፤ ባቡሩ ከጭነት መኪና ጋር ምን እንዳገናኘው አልገባኝም።

"አሁንስ ምን ነህ?" አልኩት።

"እየፈለግሁ ነው" አለኝ ዐይኑን ወደ ሰማይ አንሥቶ። "እውነትን።"

"ሁንዴ እዚያ ማዶ ተቀምጧል" አልኩት። ሳጥኑ ከቆምንበት ይታያል።

ጣሰው አየት አደረገና ፊቱን መለሰ። "እሱን ነገር ትቼዋለሁ" አለ። "እኔ የሚያስፈልገኝ የውስጥ ሰላም ነው።"

የአቃቂ ታክሲ መጣ፣ ገባሁ። ተከትሎኝ ሊገባ ሲል ከጎኔ ያለውን ባዶ ቦታ በዘንቢሌ ያዝኩት፤ እሱም ወደ ኋላ ወንበር አለፈ።