«ዳኛው ልከውኝ»

በአሜሪካዋ ኬንተኪ ግዛት አንድ ዳኛ፣ ዌድ በሳምንት ሦስት ቀን እየተመላለሰ ከሱሱ እንዲታከም፣ አለዚያ እንዲታሰር ፈረዱበት። ክሊኒክ ይዛው የሄደችውም፣ ቅጹን የሞላችለትም እናቱ ቨርና ናት።

«‹የመጡበት ምክንያት› ይላል» አለችው።

«ምን እንበል፣ እማ?»

«እውነቱን ነዋ! ‹ዳኛው ልከውኝ›።»

ኢንሹራንሱ «ፍርድ ቤት ላዘዘው አንከፍልም» አለ። የክሊኒኩ ጸሐፊ ከንፈሯን መጠጠች፤ «ምነው እማማ! ‹አሞኝ ነው› ቢል ኖሮ ይከፈልለት ነበር።»

አሞትም ነበር እኮ! እጁ እየተንቀጠቀጠ እስክሪብቶ መያዝ ቢያቅተው አይደል የጻፈችለት?

ቨርና ከምትሠራበት የዶሮ ሥጋ ፋብሪካ ደሞዟ አምስት ሳምንት ከፈለች፤ በስድስተኛው እጅ አጠራት። ዌድ ከሕክምናው ቀረ፤ ታሰረም። ቅጹ ላይ የጻፈቻት ያቺ መስመር ዛሬም ታንገበግባታለች።

የእስር ቤቱን ቀለብ ማን እንደሚከፍል ግን የጠየቃት የለም።