በብርድ የሚረግፍ ጸጉር

ከባለቤቴ ሹራብ ላይ የፈረስ ጸጉር ማራገፍ ከጀመርኩ ሳምንት አልፎኛል። ፈረስ ባለበት ቤት ጸጉር አይጠፋም ብዬ አራግፋለሁ፣ አጥባለሁ፣ አልፋለሁ። የዚያን ቀን ጠዋት ግን የውሃ ባልዲው ላይ የተጋገረውን በረዶ ሰብሬ ስመለስ ነገሩ ብልጭ አለልኝ። በዚህ ብርድ ፈረስ ጸጉር ያበዛል እንጂ መች ያራግፋል?

ሹራቡን እንደያዝኩ ወደ ፈረሶቹ ቤት ሮጥኩ። ዳማዋ ባዝራችን እሜቴ ድርቆሿን እያኘከች ቆማለች። አንገቷን ዳበስ ባደርጋት እፍኝ ሙሉ ጸጉር እጄ ላይ ቀረ።

ጩኸቴን ለቀቅኩት። እከክ!

ልጄ ትንንሽ ልጆችን ግልቢያ የምታስተምረው በእሜቴ ነው። በማግስቱ አዲስ ተማሪዎች ሊመጡ ነው። እከክ ከሆነ ማን እናት ልጇን ይዛ ትመጣለች? እኔ ነገር ሲጀመር መጨረሻውን ነው የማየው። ገና ጸጉሩን ከእጄ ሳላራግፍ ባዝራዋን ቀብሬ፣ ልጄን ሥራ ፈት አድርጌ ጨርሻለሁ።

ልጄ ጩኸቴን ሰምታ መጣች።

"እማ፣ ትታከካለች እንዴ?"

"አትታከክም።"

"ቆዳዋስ ቆስሏል?"

ገለጥ አድርጌ አየሁ። አልቆሰለም። ከረገፈው ሥር አጭርና የሚያብረቀርቅ አዲስ ጸጉር ወጥቷል።

"ታዲያ የምን እከክ ነው?"

"ገና አልጠናባትም ይሆናላ! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።"

"እናትሽ አንድ በሽታ ካላገኘች ቁርስ አይወርድላትም" አለ ባለቤቴ ከበሩ ላይ።

ልጄ የእንስሳት ሐኪሟ ጋ ደወለች። ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ አለች። እስከዚያ እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ። ደግሞ ሌላ ጣጣ ትዝ አለኝ፦ በእሜቴ ብሩሽ ጡረተኛውም ይቦረሻል። ጡረተኛው ከእሷ ቀጥሎ ያለው ጋጥ ውስጥ የሚያድር ያረጀ ሰንጋ ፈረሳችን ነው። ሄጄ ጎኑን ጎተት ጎተት አደረግኩት። አንድ ጸጉር ንቅንቅ አላለም። እንደ በግ ተድበልብሎ ቆሞ ታዘበኝ።

ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው? ብሩሹ አንድ፣ ድርቆሹ አንድ፣ ውሃው አንድ። አፍንጫ ለአፍንጫ ነው የሚያድሩት። በሽታ ቢሆን ሽማግሌውን ትቶ ጤነኛዋን ይመርጣል? ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩና አንዴ እሷን አንዴ እሱን ማየት ጀመርኩ። የእሜቴ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል። የጡረተኛውን ጆሮ ግን ለማየት ማጎንበስ ነበረብኝ። በእሱ በኩል የድርቆሹ ቆጥ ጣራውን ስለሸፈነው የአምፖሉ ብርሃን አይደርሰውም።

አምፖሎቹ አዲስ ናቸው። የድሮዎቹ እንደ ምድጃ ስለሚግሉ ገለባው ይቀጣጠላል እያልኩ ገና ሲመሽ አስጠፋ ነበር። ብርዱ ሳይገባ ባለቤቴ ኤል ኢ ዲ የሚባሉትን ገዝቶ መጣና የበራውን አምፖል በእጁ ይዞ "ንኪው፣ አይፋጅም። አምስቱም ተደምረው የድሮውን የአንዱን ያህል አይበሉም" አለኝ። ከዚያ ወዲያ አጥፉ ማለት ተውኩ። እንዲያውም እስክንተኛ ይብራ ያልኩት እኔ ነኝ። ከወጥ ቤቴ መስኮት ሆኜ ሌባም ይምጣ፣ ፈረስም ይውደቅ፣ አያለሁ።

ሐኪሟ መጣች። የእሜቴን ቆዳ በማጉያ መነጽር አየች፣ ጸጉሩን አሸች፣ ቀና ብላ ጣራውን አየች።

"መብራቱን መቼ ነው የምታጠፉት?"

"ልንተኛ ስንል" አለ ባለቤቴ።

"ጠዋትስ?"

"ሳይነጋ ተነስቼ አበራዋለሁ" አልኩ።

ሳቀች። "ፈረስ ወቅቱን የሚያውቀው በብርዱ ሳይሆን በቀኑ ርዝመት ነው። እናንተ ደግሞ ቀኑን አስረዝማችሁባታል። እሷ ሙቀቱ ገባ ብላ ካፖርቷን እያወለቀች ነው።"

"ጡረተኛው ጨለማ ውስጥ ስለሆነ ነዋ ያልረገፈው!"

"አገኙት፣ እናቴ።"

"ጡረተኛ በጊዜ ነው የሚተኛው" አለ ባለቤቴ።

"ልጆቹስ? ይምጡ?" አለች ልጄ። የእሜቴን ጋማ ጭብጥ አድርጋ ይዛለች። ስታጽናናኝ የዋለችው እሷም ፈርታ ኖሯል።

"ይምጡ፣ በሽታ የለባትም። ግን ራቁቷን ብርድ ላይ ናት። ወፍራም ልብስ አልብሷት። መብራቱም ሲመሽ ይጥፋ። የግድ ማየት ካለባችሁ በሩ ላይ ደብዘዝ ያለ ቀይ አምፖል አድርጉ፣ ቀይ ያን ያህል አይረብሻቸውም።"

"ቀይ? ጎረቤት መጠጥ ቤት ከፈቱ ይበለን?"

"ደንበኛ ከመጣ ጡረተኛው ያስተናግዳል" አለ ያ ሰውዬ።

ሲመሽ ልጄ ለእሜቴ ልብሷን አልብሳ ቀበቶውን አጠበቀችላት። ማብሪያ ማጥፊያው ጋ የቆምኩት እኔ ነኝ። ብትወድቅስ? ልብሱ እግሯ ላይ ቢጠመጠምስ? ከመስኮቴ ሆኜ ምን አያለሁ?

"እማ፣ በሩ ተከፍቶ እየበረዳት ነው" አለችኝ ልጄ።

አጠፋሁት። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ቀስ እያለ የማኘክ ድምፅ መጣ፣ ከሁለቱም ጋጥ። የሁለቱንም ለይቼ እስክሰማ ቆሜ ቆየሁ። ከዚያ በሩን ሳብኩ፣ ቁልፉን በዳበሳ አስገባሁና አዞርኩት።