አማቴ የፋቁት ኩሽኔታ

ሰው አማቱን የሚፈራው ቤት ነው፤ እኔ ሥራ ቦታም ጭምር እፈራቸዋለሁ። አማቴ የውሃ ፓምፕ ጣቢያችን ኩሽኔታ ፋቂ ናቸው። ፓምፑን የሚያዞረው ወፍራም ዘንግ የሚያርፍበት ኩሽኔታ ውስጡ ለስላሳ ነጭ ብረት ነው፤ እሳቸው ያንን ብረት በመፋቂያ በስሱ እየላጡ ከዘንጉ ጋር ያስማሙታል። በሠላሳ ዓመት አንድም ዘንግ በእጃቸው አልተቃጠለም። እጀ ወርቅ ናቸው የምለው አማቴ ስለሆኑ አይደለም፤ ብዙ ጊዜማ ያናድዱኛል።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ግን በእጅ ሥራ አያምንም። "ዛሬ ፓምፑን ለአንድ ሰዓት እናስነሣዋለን። ኩሽኔታው ከስልሳ አምስት ዲግሪ ካለፈ ክፍልዎ ይዘጋል፣ እርስዎም ወደ ቤትዎ" አላቸው። "እሺ" አሉ። በቃ፣ እሺ ብቻ። የተንጨረጨርኩት እኔ ነኝ።

ለምሳ ሲወጡ ኩሽኔታውን አየሁት። መፋቂያው የተወው ጥቃቅን ጠባሳ ውስጡን ሞልቶታል። ያ ሰውዬ ሲያየው "ሻካራ ነው" ማለቱ አይቀርም ብዬ ሰጋሁ። ብርጭቆ ወረቀት አነሳሁና እንደ መስታወት እስኪያበራ አሸሁት። በማላውቀው ነገር ገብቼ መፈትፈቴ ነው እንግዲህ። ሲመለሱ ዘንጉን አስቀምጬ ክዳኑን አጥብቄ ጨርሻለሁ፤ መግጠም የኔ ሥራ ስለሆነ ምንም አልጠረጠሩም።

ፓምፑ ተነሣ። አርባ ሁለት፣ አርባ ዘጠኝ፣ ሃምሳ ስምንት። ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ቴርሞሜትሩ ላይ ተክሏል። አማቴ መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ አንድ ጠብታ ዘይት በጣቶቻቸው መሃል አሹና "አጥፋው" አሉኝ።

"ገና ስልሳ ሁለት ነው እኮ" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ዘይቱ ቀጥኗል። ሲቀጥን ዘንጉ ብረቱን ይነካዋል፣ ሲነካው ይግላል፣ ሲግል ዘይቱ ይብሱን ይቀጥናል። ስልሳ አምስትን እንጠብቅ ካልን ዘንጉን አጣነው" አሉ። አጠፋሁት።

ክዳኑን ስንከፍት መስታወቴ ተጫጭሮ ጠበቀን። ጣታቸውን አስኬዱበትና "አሸዋ" አሉ ቀስ ብለው። የብርጭቆ ወረቀቱ ደቃቅ አሸዋ ለስላሳው ብረት ውስጥ ተቀብሮ ዘንጉን ሲቧጭረው ቆይቷል። እኔ የጠላሁት ጠባሳ ደግሞ ለካ ዘይቱ የሚያርፍበት ቦታ ኖሯል። ቀና ብለው አዩኝ፤ ገባቸው።

"የማን ሥራ ነው ይሄ?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"የኔ ክፍል ሥራ ነው" አሉ አማቴ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጃቸውን ድረውልኝ፣ ሥራቸውን አበላሽቼ፣ ጭራሽ ሊሸፍኑልኝ! "እኔ ነኝ" አልኩ። "እሳቸው የፋቁትን በብርጭቆ ወረቀት ያሸሁት እኔ ነኝ። የሚባረር ካለ እኔ ልባረር።" ሰውየው ሁለታችንንም አየና "እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አስነሡት፤ ከዚያ በኋላ አልጠብቅም" አለ።

ያን ዕለት ከሰዓት ያየሁትን ስናገር ያጋነንኩ ይመስላል። አሸዋ የገባበትን ብረት ሁሉ ልጠው አወጡ፣ በነጭ ጋዝ አጠቡ። ዘንጉን ሰማያዊ ቀለም እየቀባን እናስቀምጣለን፣ እናነሳለን፤ እሳቸው ቀለም የነካውን ጉብታ ብቻ ይፍቃሉ። ከመፋቂያው የሚወጣው ልጣጭ እፍ ቢሉት ይበራል። እጃቸው አንዴ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። እኔን "ያዝ" እና "አንሳ" ከማለት በቀር አላናገሩኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ፓምፑ ተነሣ። አርባ፣ አርባ አምስት፣ አርባ ስምንት፤ እዚያው ቀረ። አንድ ሰዓቱ እስኪሞላ ንቅንቅ አላለም። ሥራ አስኪያጁ ቴርሞሜትሩን ሁለቴ ቀይሮ ለካ፣ ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ "ክፍሉ አይዘጋም" አለና እጃቸውን ጨብጦ ወጣ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

በሩ ሲዘጋ አማቴ የዘይት በርሜሉ ላይ ቁጭ አሉ። ቱታቸውን ሊያወልቁ ቢሞክሩ ጣቶቻቸው ከቁልፉ ጋር አልገናኝ አሉ።

"እማዬ፣ አመመዎት እንዴ?" አልኳቸው።

"ፈርቼ ነበር ልጄ" አሉ። "ቤት ተቀምጬ ምን እሆን ነበር?"

ተንበርክኬ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታሁላቸው።