አየር ላይ የያዘው ቀበቶ

በፋብሪካው «በጣሿ» ነው የሚሏት። አይከፋትም፤ ሥራዋ ነዋ። ፋብሪካው ከፍታ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ታጥቀው ጫፉን ከሕንፃው ጋር የሚያስሩትን የናይለን ቀበቶ ያመርታል። እሷ ደግሞ ከየምርቱ አንድ አንድ እየመዘዘች መጎተቻ ማሽን ላይ ትወጥርና እስኪበጠስ ድረስ ታስጎትተዋለች። ቤት ውስጥ ብርጭቆ ባመለጣት ቁጥር ባሏ «አንቺ ሴት፣ የመሥሪያ ቤትሽን አመል እዚያው ተይው እንጂ!» እያለ ይስቅባታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥበቃው መጥቶ «እንግዶች አሉሽ። ቀበቶውን የሚፈትነው ማነው እያሉ ነው» አላት። ስለ ቀበቶ የሚጠይቅ ሰው ለደግ የሚመጣ አልመሰላትም።

የገባው ክንዱ በፋሻ የታሰረ ቀለም ቀቢ ነበር፤ እናቱ ተከትለውታል። ሰውየው ከያዘው ከረጢት አንድ ቀበቶ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ቀበቶው ከልኩ በላይ ረዝሟል፤ ስፌቱም ግማሽ ድረስ ተተርትሯል። ግን አልተበጠሰም።

«ፎቅ ስቀባ የቆምኩበት ጣውላ ከዳኝ» አለ። «አበቃልኝ ስል አየር ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ክንዴ ከግድግዳው ጋር ተላተመ እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም።»

በጣሿ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። ስንቱን ቀበቶ በጥሳ ጥላለች፤ ሰው ይዞ የቀረ ግን አይታ አታውቅም። በጣቷ ጫፍ ቀስ ብላ ዳሰሰችው።

«እንዴት ቻለው፣ ልጄ?» አሉ እናትየው ወደ በጣሿ ዞረው።

«ናይለን፣ እማማ፣ በዓይን ከማይታዩ ረጃጅም ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። ክሩ ሲመረት ስለሚሳብ ብዙዎቹ በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ጥንካሬው ከዚያ ነው። በመካከላቸው ደግሞ ዝም ብለው የተጠቀለሉ አሉ። ልጅዎ ሲወድቅ እነሱ እየተዘረጉ ጉልበቱን ዋጡለት። የማይለጠጥ ቢሆን ኖሮ ወይ ቀበቶው ይበጠስ ነበር፣ ወይ የልጅዎ ወገብ።»

«እሰይ! የተጠቀለሉትን ይባርክልኝ!» አሉ እናትየው እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው።

«እንግዲህ ሲሻለኝ ይህንኑ ታጥቄ ልመለሳ» አለ ልጃቸው።

«በፍጹም! ያለውን መለጠጥ ሁሉ ሰጥቶዎታል፤ ሁለተኛ አይችልም።»

«ጡረታ ይውጣ በሉኛ!»

ሦስቱም ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ እናትየው እጇን ይዘው ይስሙት ጀመር። በጣሿ እንባዋ መጣ። «ኧረ እማማ፣ እኔ ብቻዬን አይደለሁም» አለች። «ይህ ስፌት ሆን ተብሎ እንዲተረተር የተሰፋ ነው፤ እሱም አወዳደቁን አለዝቦለታል። የሰፉት ሴቶች እዚያ ማዶ ናቸው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ውሰጂኛ!»

ወሰደቻቸው። የስፌት ክፍሉ ጫጫታ ጆሮ ይደፍናል። እናትየው ማንንም አላስፈቀዱም፤ ከመጀመሪያዋ የስፌት ሠራተኛ አንገት ላይ ተጠምጥመው «ልጄን አተረፋችሁልኝ!» አሉ። ሴትየዋ ግራ ገብቷት በጣሿን ቀና ብላ አየች። በጣሿ ቀበቶውንና ባለ ፋሻውን ሰውዬ አሳየቻት። ይሄኔ ገባትና ማሽኗን አጠፋች። ቀጥሎ ያለችውም አጠፋች፤ ከዚያ ሌላዋ። እናትየው ከወንበር ወንበር እየሄዱ ሁሉንም አንድ በአንድ ሲስሙ ክፍሉ ጸጥ አለ።