መሪው ላይ ያለችው የውሃ ዶሮ

በወይዘሮ ሄቲ ጀልባ ኋላ፣ ውሃው ውስጥ በሚዞረው መሪ ላይ የውሃ ዶሮ ጎጆ ሠርታ እንቁላሎቿን ታቅፋለች፤ ሞተሩ ቢነሳ ከሥሩ የሚፈላው ውሃ ጎጆውን ይበትነዋል። ነገ ጠዋት ደግሞ የድልድዩ እግር ስለሚጠገን የቦዩ ውሃ ይለቀቃል፤ እዚያ የቀረ ጀልባ ጭቃ ላይ ይቀመጣል። ሌሎቹ ሁሉ ሄደዋል። የቀሩት እሳቸውና ጎረቤታቸው ሮዋን ብቻ ናቸው።

ሮዋን ብቻውን የሚኖር ወጣት ነው። አምና ጀልባ ላይ መኖር ሲጀምር ገመድ ማሰሩንም ምድጃ ማቀጣጠሉንም ያሳዩት እሳቸው ነበሩ።

መጨረሻ የሄደው ጎረቤታቸው ክላይቭ በጀልባው ሲያልፍ ፍጥነቱን ቀነሰና፣ "ሞተሩን ያስነሱት፤ ለቁርስ እንቁላል አያጡም" አላቸው።

"ያንተ ሞተር ስንቴ እምቢ ብሎህ በሰው ተጎተትክ? ዛሬ እኔ ብጎትት ምን ይገርምሃል?" አሉት። እየሳቀ ሄደ።

ሮዋን የምራቸውን እንደሆነ የገባው ወፍራሙን ገመድ ትከሻቸው ላይ ሲያደርጉ ነው። ድሮ ጀልባ የሚጎትተው ፈረሳቸው ያነከሰ ለታ እናታቸው ጀልባውን ከነከሰሉ ትጎትተው እንደነበር ነገሩት። የሱን ጀልባ ማታ ተመልሶ በሞተር ያመጣዋል። ከዚያ ረጅሙን ዘንግ ሰጡት፤ ፊት ቆሞ ጀልባው ዳሩን እንዳይነካ እንዲገፋ እንጂ ወደ ኋላ ድርሽ እንዳይል አስጠነቀቁት።

ገመዱ ተወጠረ። ያ ሁሉ ብረት እንቅልፉን እንዳልጨረሰ ሰው ተንፏቀቀ፣ ከዚያ ያለ አንዳች ድምፅ ተንሸራተተ። ሮዋን ጀርባቸውን አየ፤ ጎንበስ ብለው፣ ሳይቸኩሉ፣ በቦዩ ዳር ያበበውን የእሾህ ቁጥቋጦ እየታከኩ ይሄዳሉ። ሰው በዚህ ዕድሜው እንዲህ ሲያምር አይቶ አያውቅም።

ድልድዩ ጋ ንፋስ መጣና የጀልባውን ኋላ ወደ ግንቡ ወሰደው። ሮዋን ዘንጉን ጥሎ በጣሪያው ላይ ሮጠና የመሪውን እጀታ ያዘ። ጀልባ ላይ የሚኖር ሰው እጁ ሳያስብ የሚሄደው እዚያ ነው። መሪው ዞረ፤ ጎጆው አዘነበለ፤ ወፏ ጮሃ በረረች። አንዱ እንቁላል ተንከባሎ ጠርዙ ላይ ቆመ።

ወይዘሮ ሄቲ ገመዱን ግንድ ላይ ጠምጥመው መጡ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

"አትልቀቀው። እንደያዝከው ቀስ አድርገህ መልሰው፣ ልጄ።"

መለሰው። እንቁላሉ ተንከባሎ ወደ ጎድጓዳው ገባ። እሳቸውም የነሐሱን እጀታ ከሥሩ ነቅለው አስታቀፉት።

"ይሄን ሳልነቅል መነሳቴ የኔ ጥፋት ነው" አሉ።

"ባትመለስስ?" አላቸው።

ሣሩ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። የያዙት ሻይ ሲቀዘቅዝ ወፏ ከሸምበቆው ብቅ አለች፤ ዞረች፤ ራቀች፤ እንደገና ዞረች። በመጨረሻ ወጥታ እንቁላሎቿን በምንቃሯ አስተካክላ ተቀመጠች።

ጀልባዎችን ወደ ታችኛው ቦይ የሚያወርደው የድንጋይ ገንዳ ጋ ሲደርሱ ወይዘሮ ሄቲ የገንዳውን ውሃ ማስወጫ ጣት በምታህል ክፍተት ብቻ ከፈቱ። ውሃው ዝቅ ማለቱ እንኳ አያስታውቅም። በእርጥቡ ግንብ መሃል ጀልባው ወረደ፤ ወፏም አብራ ወረደች፣ የተሳፈረች ሳይሆን ጀልባው የራሷ የሆነ መስላ።

የታችኛው በር ሲከፈት ክላይቭ የረሳውን ገመድ ሊወስድ ሲመለስ አገኙት። ገመድ የሚጎትቱትን ሴትዮ አየ፣ ከዚያ መሪውን። እጁን ዘርግቶ ሞተሩን አጠፋ፤ ማዕበሉ ጎጆውን እንዳይነካው። ካለፉትም በኋላ ቶሎ አላስነሳውም።