በዓይን የተለካ ቬሎ

ጋሼ ግርማቸው ሜትር የማይወዱ ልብስ ሰፊ ናቸው። አዲስ አበባ ሳሉ ደንበኛው ከበር ገብቶ እስኪቀመጥ ድረስ በዓይናቸው ለክተው ይጨርሱ ነበር። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ መጥተው ኒው አልባኒ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ሲያነሱ ቢውሉም ያ ኩራታቸው አልቀነሰም። «አስር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ» የሚለው ተረት ለሰነፍ የተተረተ ነው ይላሉ።

አንድ ልጃቸው ናርዲ ልታገባ ስትል፣ «ቬሎሽን እኔ ካልሰፋሁት ሠርጉ ላይ አልገኝም» አሉ። እንደማያደርጉት ሁለቱም ያውቃሉ። ናርዲ ቺካጎ የልብስ ታሪክ ታስተምራለች፤ ነፍሷ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፓሪስ የተሰፉት፣ ወገባቸው ጠበብ ብሎ ታቻቸው እንደ ልብ የሚዘረጋው ቀሚሶች ናቸው። እሺ አለች፤ ግን እንደ ፓሪሶቹ ይሁን ብላ።

«እነሱ እኮ አባዬ፣ መጀመሪያ በርካሽ አቡጀዲ ሰፍተው ይሞክሩታል። ሦስት ጊዜ ፊቲንግ አለ፤ እያለበሱ ያስተካክላሉ። ለእያንዳንዷ ደንበኛ ደግሞ በሷ ቁመና ልክ የተሞላ፣ ልብስ የሚለካበት አሻንጉሊት ያቆሙላታል።»

ከዚህ ሁሉ ጋሼ ግርማቸው የወደዱት አሻንጉሊቱን ብቻ ነው። ዎርዝንግተን ሰፈር አንድ የልብስ ሱቅ ሲዘጋ የተጣለ አገኙና፣ ጥጥና አሮጌ ፎጣ እየጠቀጠቁ ናርዲን ሠሯት። ልጅቷ፣ «ራሴን ሜዠር አድርጌ ቴክስት ላድርግልህ» ብትላቸው ተቆጡ።

«የገዛ ልጄን ላላውቃት ነው?»

አሻንጉሊቷን ሳሎን አቁመው፣ ከሥራ ሲገቡ «እንዴት ዋልሽ» ሳይሏት አያልፉም። ስድስት ሳምንት ሰፉ። በዕድሜያቸው እንደዚያ ያማረ ነገር ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም።

ሠርጉ አሥር ቀን ሲቀረው ናርዲ መጣችና ለበሰችው። ከፊት ሲታይ ያምራል። ከኋላ ግን ዚፑ ግማሽ መንገድ ላይ እምቢ አለ፤ ጀርባዋ አራት ጣት ያህል ክፍት ቀረ።

ጋሼ ግርማቸው አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ አሻንጉሊቷን አዩ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ የሳቸው ልብ ኮሌጅ ሊያደርሷት ሻንጣዋን መኪና ላይ የጫኑ ቀን ቆሞ ቀርቷል። አሻንጉሊቷ የአሥራ ስምንት ዓመቷ ናርዲ ናት። ይቺኛዋ ሠላሳ አንድ ሞልቷታል፤ ትከሻዋ ሰፍቶ፣ ወገቧ ሞልቶ፣ ሙሉ ሴት ሆናለች። ለገና በመጣች ቁጥር በወፍራም ጃኬቷ ላይ ሲያቅፏት ከርመው መቼ እንዲህ እንደሆነች አላወቁም። በጣም አዘኑ።

«ስቶር ሄደሽ የሚሆንሽን ግዢ፤ እኔ አርጅቻለሁ» አሉ።

ናርዲ አውልቃ ገለበጠችው። ልብስ ከውስጥ በኩል መመርመር ሥራዋ ነው። የጎኑን ስፌት በጣቷ ስትዳብስ ቆየችና ቀና አለች። በየስፌቱ ውስጥ ሦስት ሦስት ጣት ትርፍ ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ ፓሪሶቹም እኮ እንዲህ ይተዋሉ፤ ደንበኛቸው ስትወፍር እንዲያሰፉላት። ማን አሳየህ?»

«ማን ያሳየኛል? የልጅ ልብስ እንዲህ ነው የሚሰፋው» አሉ ጋሼ ግርማቸው። «ታድግበታለች ብዬ ነዋ።»

ናርዲ ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ዕንባዋ መጣ። እሳቸው መነጽራቸውን አደረጉና ስፌቱን መተርተር ጀመሩ።