የሟች ዋስትና

«አይዞህ የኔ ልጅ፣ በቃ፣ እንባህን ጥረግ» አለች የሚጡ አክስት፣ የሟቿን የሥራ ባልደረባ ባለብየዳውን እቅፍ አድርጋ።

ሚጡ ከወንበሯ ሆና አየቻቸው። ጉድ እኮ ነው! እናት የሞተችባት እሷ፣ የሚታቀፈው እሱ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቷት ዛሬም ሚጡ የምትባለው የእናቷ አንድ ልጅ ስለሆነች ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ግን ለቀስተኛው ሁሉ ቀድሞ የሚያጽናናው ይህን ሰውዬ ሆኗል። ወንበር ይደረድራል፣ ሻይ ያዞራል፣ ከዚያ ጓዳ ገብቶ ይነፋረቃል። ማልቀሱስ ያልቅስ፤ ከእሷ አብልጦ ማልቀሱ ነው ያንገበገባት።

«ምናለ ቢቀንሰው?» አለች ለአክስቷ በሹክሹክታ።

«ተይ እንጂ! እናትሽ እኮ ሰው ያደረገችው ልጅ ነው።»

ሰው ያደረገችው! የሚጡ ደም ፈላ። እናቷ የብረታ ብረት ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበረች። ከስድስት ዓመት በፊት ሚጡ እዚያው ልትቀጠር «ዋስ ሁኚኝ» ብላ ብትለምናት አሻፈረኝ አለች። በዚያው ወር ግን በስርቆት ሦስት ዓመት ታስሮ ለወጣው ለዚህ ባለብየዳ ፈረመችለት። ሚጡ ያን ቀን ሳህን ሰብራለች።

«ቅጣቱን ጨርሷል፤ ስንቴ ይቀጣ?» አለች እናቷ ስብርባሪውን እየጠረገች። «አንቺን ማንም ይቀጥርሻል። እሱን በር ላይ ነው የሚመልሱት።»

እውነትም ሚጡ በወሩ ሌላ ቦታ ሥራ አገኘች። ቅናቷ ግን እስከ ዛሬ አልወጣላትም።

ከሰዓት በኋላ የፋብሪካው የቅጥር ክፍል ኃላፊ መጣች። አልቅሳ ስታበቃ ሚጡ አጠገብ ተቀምጣ ቦርሳዋን ከፈተች።

«በሐዘንሽ መሃል ይቅርታ አድርጊልኝ። እናትሽ ስላረፈች የባለብየዳው ዋስትና ወድቋል። እስከ ነገ ሌላ ዋስ ካላገኘ ከሥራ ይወጣል።»

«ስድስት ዓመት ሠርቶ?»

«የሌላው ዋስትና በዓመቱ ይነሳል። የእሱ፣ ታስሮ ስለነበር፣ አይነሳም። አንቺ ደመወዝተኛ ስለሆንሽ ዋስ ትሆኚዋለሽ ብዬ ነው። እሱማ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልጠይቃትም አለ።»

«አንድ ብሎን ጠፍቶበት ያውቃል?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«አልፈርምም» ብትል በቃ፣ ተገላገለች። ነገ ሰውዬው ከዚህ ቤት ይጠፋል፤ እናቷም የእሷ ብቻ ትሆናለች። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ተነሥታ ጓዳ ገባች። ባለብየዳው ብርጭቆ እያጠበ ነው።

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

«በምን ዓይኔ?» አለ ቀና ሳይል። «እንደማትወጂኝ አውቃለሁ። እኔም አልወድሽም ነበር። እናትሽ በየምሳው ሚጡ፣ ሚጡ፣ ሚጡ! ሚጡ እንዲህ አለች፣ ሚጡ እንዲህ ሠራች። እኔ ታስሬ እናቴ አንድ ቀን መጥታ አልጠየቀችኝም። ቀንቼብሽ ልሞት ነበር እኮ።»

ሚጡ ሳቋም እንባዋም እኩል መጣባት።

«ነገ እዚህ እንዳላይህ» አለችው። «ሥራ ግባ። ለእናቴ እኔ አለቅስላታለሁ።»

ወደ ሳሎን ተመልሳ ብዕር ተቀበለች። ያው የድሮው ቅጽ ነው። ከላይ የእሱ ስም፣ ከሥሩ የእናቷ ፊርማ፣ ከዚያ «ተተኪ ዋስ» የሚል ባዶ መስመር። ፈረመች።

ኃላፊዋ ወረቀቱን ልትወስድ እጇን ዘረጋች።

«አንዴ ቆይ» አለች ሚጡ። የባለብየዳውን ስም በአውራ ጣቷ ሸፈነችና የእናቷንና የራሷን ፊርማ ብቻ ስታይ ቆየች።